ስለ ነጻ ትምህርትና ዋጋውን ስለሚከፍለው ሰው

በሀገራችን ትምህርት በገንዘብ ሳይሸጥ ብዙ ዘመን የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። በደብርና በገዳም ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር የኔታ ከተማሪው ደመወዝ አይቀበልም ነበር፤ በወሎ ምድር ቁርዓንና ኪታብ የሚያቀሩ ሸኾችም ከደረሳው ዋጋ አይጠይቁም ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በነጻ ተሰጠ ማለት ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም ቁራሹን የምትሰጠው የመንደር እመቤት፥ ለደረሳው ከማዕዱ ድርሻውን የሚያስቀምጥለት ባላገር፥ ልጁን ከእርሻውና ከከብቱ ለይቶ ወደ ትምህርት የሚሰድ አባት፥ እነዚህ ሁሉ የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉ ናቸው። ተማሪው ግን ዋጋውን ባለማየቱ ነጻ ነው ይለዋል።

ይህ ልማድ የኖረው በሩቅ አገር ሳይሆን በዚሁ በአካባቢያችን ነው። ከደሴ በስተሰሜን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በኮምቦልቻ አጠገብ በቃሉ አገር የሚገኘው ጌታ የተባለው የእስልምና ትምህርት ስፍራም በ19ኛው መቶ ዘመን በሐጅ ቡሽራ ተመሥርቶ ከየአገሩ ደረሶችን ይሰበስብ ነበር። በዚያን ጊዜ ተማሪው ወንዝ ተሻግሮ፥ ደጋ ወጥቶ፥ ቆላ ወርዶ መምህሩ ወዳለበት ይሄድ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጦ መምህሩ ራሱ በኢንተርኔት አማካይነት ወደ ተማሪው ቤት መምጣት ጀምሯል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ገጻችን ልንነጋገርበት ያሰብነው፥ ይህ አዲሱ ነጻ ትምህርት ምን እንደ ሆነና በከሚሴና በዙሪያዋ ላሉት ልጆች እንዲደርሳቸው ዋጋውን ማን ሊከፍል እንደሚገባው ነው።

አስቀድመን ትምህርቱ ከወዴት እንደ መጣ እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በአሜሪካ አገር ያለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአዳራሹ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ጽሑፎች ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ያለውንም ፈጸመ። ከዚያ በኋላ በ2004 ሳልማን ካን የሚባል ሰው በሌላ ከተማ ለምትኖር ለአንዲት የቅርብ ዘመዱ ሒሳብ ከሩቅ ሆኖ ማስረዳት ጀመረ። ሌሎችም ዘመዶች ይህንኑ ስለ ጠየቁት ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጸ ማንም እንዲያየው በይፋ አወጣው። በ2008 ይህ ሥራ ካን አካዳሚ ተብሎ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ፤ ዛሬም ከመቁጠርና ከመደመር አንሥቶ እስከ ከፍተኛ ሒሳብና ፊዚክስ ድረስ በነጻ ያስተምራል። አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ ይህ ሁሉ የተጀመረው በቤተሰብ መካከል አንዱ ለአንዱ በመድከሙ ነው።

በሀገራችንም ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የተባለው ሥራ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት ጋር በመተባበር ተጀመረ። በእርሱም የፕሮግራሚንግ፥ የዳታ ሳይንስ፥ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶች ያለ ክፍያ ተሰጥተዋል፤ ትምህርቱን ለፈጸመም የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ተደርጓል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ኮምፒውተር ወይም ዘመናዊ የእጅ ስልክ፥ ኢንተርኔት፥ ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ካለ፥ ዋጋውም ከሌለበት፥ የቀረው ችግር ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ በሌሎች አገሮች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምን እንደሚሠሩ በማየት ይገኛል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች አንድ ነዋሪ የቤተ መጻሕፍቱን ካርድ በነጻ ካወጣ በኋላ፥ በካርዱ ቁጥር ገብቶ በሌላ ስፍራ በገንዘብ የሚሸጡትን የሙያና የቋንቋ ትምህርቶች ያለ ክፍያ ይማራል። ወደዚያ የተሰደዱ ወገኖቻችንም ቋንቋና ሙያ ለመልመድ በዚሁ መንገድ ለመጠቀም ይችላሉ። ትምህርቱን ለሚሸጠው ድርጅት ግን ቤተ መጻሕፍቱ ከሕዝብ ግብር በተሰበሰበ ገንዘብ ይከፍልለታል፤ ኮምፒውተሩን፥ መብራቱን፥ የሚያሳየውንም ሰው ያቆምለታል። ይህም ቁራሹን የምትሰጠው የመንደር እመቤት ሥራ በሌላ መልክ መሆኑ ነው።

በእኛም አገር ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት ማንኛውም ሰው ያለ ዋጋ ገብቶ እንዲያነብ ነበር። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በ4 ኪሎ አጠገብ ተመርቆ ሲከፈት ከመጽሐፍ ሌላ ኮምፒውተርና ኢንተርኔትም ለአንባቢው እንዲያገለግል ተደርጓል። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆቹ መንደር እንዲሄድ አደረጉ። ልጁ ወደ መጽሐፉ ለመምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ ማለታቸው ነው። ስለ ኢንተርኔት ትምህርትም ልንከተለው የሚገባን አሳብ ይኸው ነው።

አሁን ነገሩን ወደ ከሚሴና ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እናምጣው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የዞኑ ዋና ከተማ ናት፤ በጎኗም የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ዞኑ ከደዋ ጨፋና ከአርጡማ ፉርሲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ፥ እስከ ባቲና እስከ ደዌ ሐረዋ ድረስ ቆላማና ሰፊ አገር ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ፥ በሰንበቴም የእሑድ ገበያ ከአፋር፥ ከአርጎባ፥ ከኦሮሞና ከአማራ የመጣ ሕዝብ ተቀላቅሎ ይገበያያል። በእንደዚህ ያለው አገር በገበያተኛውና በመንገደኛው እጅ ዘመናዊ ስልክ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ስልኩ ግን ከመደዋወያነት፥ ከዘፈንና ከወሬ አልፎ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል ብዙ ወላጅ አላወቀም።

ለምሳሌ በባቲ የምትኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች ብለን እናስብ። የሒሳብ ትምህርት ከብዷታል፤ ትምህርቱን በነጻ የሚያስረዳ ቪዲዮ እንዳለም ሰምታለች። ነገር ግን ስልኩ የአባቷ ወይም የወንድሟ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በመካከለኛ ጥራት የታየ ቪዲዮ ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሚፈጅ ለዳታ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤቱ የጤፍና የዘይት ወጪ ጋር ይሽቀዳደማል። ማታ የቤት ሥራ ይጠብቃታል። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያልገባትን ብትጠይቅም የሚመልስላት የለም። እንግዲህ ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም ለእርሷ አምስት በሮች ተዘግተውበታል፤ ስልኩ፥ ዳታው፥ ጊዜው፥ ቋንቋው፥ አስረጂው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ በሩቅ አገር ያለው መምህር ሊከፍትላት አይችልም። ሊከፍቱላት የሚችሉት ቤተሰቧና ከተማዋ ናቸው።

ይህ ነገር የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ጉዳይ እንዳልሆነ ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት እንረዳለን። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ተማሪዎች ከመቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፥ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። በዚሁ በ2016 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተናውን በኮምፒውተር እንዲወስዱ ተደረገ። እንግዲህ በእጁ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ፥ በቤቱ ኮምፒውተር ካለው የከተማ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘን ዘንድ ነው። ሚዛኑ ትክክል ሊሆን የሚችለው ሁለቱም አስቀድመው መሣሪያውን ሲለምዱት ነው።

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ዘወትር ያያል። ይኸውም የተፈረደለትን ውሳኔ በእጁ ይዞ፥ ፊደል የሚያውቅ ሰው መጥቶ እስኪያነብለት ድረስ በደጅ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ነው። መብቱ በእጁ ሳለ ትርጉሙ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነው። በሚመጣው ዘመንም ኮምፒውተርንና ኢንተርኔትን ማዘዝ የማይችል ሰው ዕድሉ እንደዚሁ እንዳይሆን ያሰጋል። ማመልከቻውን የሚሞላለት፥ ውጤቱን የሚያይለት፥ ገንዘቡንም የሚልክለት ሌላ ሰው ይሆናልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ከተማው ሊያደርገው የሚገባው አለ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቢሆን፥ የትምህርት ቤት የንባብ ክፍል ቢሆን፥ የወጣቶች ማዕከል ቢሆን፥ በአንዱ ስፍራ ጥቂት ኮምፒውተሮችን አኑሮ ሰዓቱን ለይቶ ለተማሪ መክፈት ይገባል። ለዚህ ሥራ ኢንተርኔቱ ዘወትር መኖሩ እንኳ ግዴታ አይደለም። ይህን ማወቅ ለአካባቢያችን በጣም የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከሚሴና እስከ ባቲ በደረሰ ጊዜ የደረሰውን መቋረጥ ሁሉ እናስታውሳለን፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆን መሣሪያ ተሠርቷል። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ውክፔዲያ የተባለውን የዕውቀት መዝገብ በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ያህል ስለሆነ በአንድ ትልቅ ማከማቻ ይያዛል፤ የአማርኛው ግን 15 ሺህ ያህል ጽሑፍ ብቻ ስላለው በተራ ሜሞሪ ካርድ ይገባል። ኮሊብሪ የሚባለው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ የካን አካዳሚንና የሌሎችን ትምህርቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ፥ በክፍሉ ውስጥ ያሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ ከእርሱ እንዲማሩ ያደርጋል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ መረብ ወዳለበት ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ደሴ ሄዶ አንድ ጊዜ አውርዶ ቢመጣ፥ ያ ክፍል ለዓመት የሚበቃ ትምህርት ይኖረዋል። የውኃ ጉድጓድ ቆፍሮ ለመንደሩ እንደ መስጠት ያለ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋም ይጠጣል።

ሁለተኛው ነገር ሰው ነው። ኮምፒውተር ተገዝቶ በክፍል ውስጥ ተቆልፎ አቧራ ሲጠጣ ማየት በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነው። መሣሪያውን የሚያሳይ፥ የደከመውንም የሚያበረታታ ሰው ከሌለ መሣሪያው ብቻውን አያስተምርም። ለዚህም መድኃኒቱን ከቀድሞው ትምህርት ቤት እናገኘዋለን። በዚያ የኔታ ሁሉን ራሳቸው አያስቀጽሉም ነበር፤ ዳዊት የደገመው ፊደል ቆጣሪውን ያስቀጽለዋል፥ ዜማ የጀመረውም ዳዊት ደጋሚውን ያርመዋል። በደረሶችም ዘንድ ቀደም ያለው ኋላ የመጣውን እንዲሁ ያቀራዋል። በአዲሱም ትምህርት 12ኛ ክፍል የደረሰው 9ኛ ክፍል ያለውን፥ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣውም 12ኛ ክፍል ያለውን ቢያሳየው ለደመወዝ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ሥራው ይሠራል።

ሦስተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በዞኑ ልጆች የመጀመሪያውን ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በኢንተርኔት የሚገኘው ነጻ ትምህርት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፥ ከሒሳቡና ከሳይንሱ በፊት ወይም ከእርሱ ጋር አብሮ የእንግሊዝኛን ትምህርት መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህም በነጻ የሚገኝ ነው። የጉግል መተርጎሚያም ከ2016 ጀምሮ አማርኛን፥ ከ2022 ጀምሮ አፋን ኦሮሞን፥ ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ጨምሯል። ትርጉሙ አንዳንድ ጊዜ ስለሚሳሳት ግን እንደ ምርኩዝ እንጂ እንደ እግር አይታመንበትም። በሦስት ቋንቋ መካከል ያደገ ልጅ እንደ ተቸገረ ብቻ አይቆጠር፤ በአንዱ ያልገባው በሌላው ሊገባው ይችላልና።

አራተኛው የቤተሰብ ድርሻ ነው፤ ይህ ገጽም በተለይ የሚመለከተው እርሱን ነው። አባወራ ሆይ፤ ስልኩን ለልጅህ ከመስጠትህ በፊት ሰዓት ወስን፤ ከወሰንህም በኋላ ሰዓቱን አክብር፤ በመካከል እየጠራህ አታቋርጠው። ዳታ ለመቆጠብ ቪዲዮውን በዝቅተኛ ጥራት እንዲያይ፥ ጽሑፍ ካለም ጽሑፉን እንዲያነብ፥ ዋይፋይ ባለበት ስፍራ አውርዶ በቤት እንዲመለከት ምከረው። ልጁ በእርግጥ መማሩን ለማወቅ ስትፈልግም ስልኩን አትመርምር፤ ዛሬ የተማርኸውን ለእኔ አስረዳኝ በለው። ማስረዳት ከቻለ ተምሯል፤ ካልቻለ ነገ ይደግመው። አንተም ያልገባህን ከልጅህ ብትጠይቅ ክብርህ አይጎድልም፤ ለልጁ ግን ብርታት ይሆነዋል።

እመቤት ሆይ፤ የሴት ልጅሽን ነገር በተለይ አስቢበት። ወንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስልክ ይዞ ከደጅ ይቀመጣል፤ ሴቷ ግን ውኃ ትቀዳለች፥ እንጀራ ትጋግራለች፥ ታናናሾቿን ትይዛለች። ሌሊት ሲሆን ለመማር የቀረላት ድካም ብቻ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ከቤት ሥራ ነጻ ብትደረግና ያቺ ሰዓት እንደ ጸሎት ሰዓት ብትከበርላት፥ በዓመት ከ300 ሰዓት በላይ ይሆናል። ወደ ቤተ መጻሕፍቱም በቀን ብርሃን ከእኅቷ ወይም ከጓደኛዋ ጋር እንድትሄድ ብትፈቅጂላት፥ የንባቡ ክፍል ኃላፊም ለሴት ተማሪዎች የታወቀ ሰዓትና ስፍራ ቢለይላቸው፥ ብዙ ወላጅ ስጋቱን ትቶ ልጁን ይልካል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥንቃቄ አለ። ነጻ ነው ተብሎ የተነገረ ትምህርት የመመዝገቢያ ገንዘብ ከጠየቀ፥ ወይም ሳይማሩ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ሰው ከመጣ፥ ማታለል መሆኑን ዕወቁ። ደግሞም ትምህርቱን በነጻ አሳይተው ለምስክር ወረቀቱ ብቻ ዋጋ የሚያስከፍሉ የታወቁ ድርጅቶች ስላሉ፥ ሳትጀምሩ ይህን መመልከት ይበጃል። በመዝገብ ሥራ እንደምናውቀው፥ አንድ ፊደል የተለወጠበት ስም በኋላ ብዙ ደጅ ያስጠናል። ስለዚህ ተማሪው ሲመዘገብ ስሙን በመታወቂያውና በትምህርት ማስረጃው ላይ እንዳለው አድርጎ ይጻፍ። የምስክር ወረቀቱንም ከያዘ በኋላ ዕውቀቱ በእጁ ከሌለ ማኅተሙ ብቻውን እንደማያቆመው ይወቅ፤ ዳኛም ሰነዱን ካየ በኋላ ምስክሩን ይጠይቃልና።

በሹመትና በማዕረግ ያላችሁ፥ በከተማና በወረዳ በጀት ላይ ቃል ያላችሁ ታላላቆች ሆይ፤ በዚህ ጉዳይ ከእናንተ የሚፈለገው ታላቅ ሕንጻ ማሠራት አይደለም። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፥ ጥቂት ኮምፒውተር፥ ትምህርት የተጫነበት አንድ ማከማቻ፥ በሰዓቱ የሚከፍትና የሚያሳይ አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል። ሀብት ያለው ዳታውን፥ ዕውቀት ያለው ሰዓቱን፥ ሹም የሆነው ክፍሉን ቢሰጥ፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ሥራው ለማንም ሳይከብድ ይፈጸማል። አያቶቻችን የማያውቁትን የቆሎ ተማሪና የሩቅ አገር ደረሳ በቁራሽ አሳድገው መምህር አድርገዋል። የዛሬዎቹ ተማሪዎች ግን ለእኛ እንግዶች አይደሉም፤ የገዛ ልጆቻችን ናቸው። መምህሩ ያለ ዋጋ እስከ ደጃችን መጥቷል፤ ደጁን መክፈትና ለተማሪው ማዕድ መዘርጋት ግን የእኛ ፈንታ ነው።